ሲነታረኩ የሚዋደዱበት ልቦለድ ጓደኛሞችን ሲያጣላ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሴቶች ነን። በወር አንድ መጽሐፍ መርጠን እናነብና ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት ቡና ተፈልቶ እንወያይበታለን። ያለፈው ወር ተራው የእኔ ነበር፤ የሳሊ ቶርንን ‹ዘ ሄቲንግ ጌም› መረጥኩ። በጣም ወደድኩት፤ እየሳቅኩ ነው የጨረስኩት። ሁለቱ እንደኔ ወደዱት፤ አንዷ ሰለቸኝ ብላ መሃል ላይ ተወችው። አራተኛዋ ግን ተቆጣች። ‹ይሄ ሰውዬ ባለጌ ነው። ሲያበሽቃት ከርሞ መጨረሻ ላይ እወድሻለሁ ስላለ ሁሉም ተረሳ? እናንተ ስድብን ፍቅር ትሉታላችሁ› አለች። እኔም ‹ኧረ ልቦለድ እኮ ነው፣ ምን ያስቆጣል!› አልኳት። ቶናው ሳይቀዳ ተነስታ ሄደች። ከባሏ የተለየችው በቅርብ ነው። ትዳሯ ጥሩ እንዳልነበር እናውቃለን፤ ዝርዝሩን ግን ነግራን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ግሩፓችን ላይ አትጽፍም። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የምንነታረክ ልጅ አለ። መጽሐፉን ካነበብኩ ወዲህ በሌላ ዓይን እያየሁት ነው።»

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ ለጓደኛሽ ደውዪላት። ቴክስት አትላኪ፤ ድምፅሽን ትስማ።

ያስከፋት መጽሐፉን መውደድሽ አይመስለኝም። «ልቦለድ እኮ ነው» ያልሻት ነው። እሷ ስለ አንድ ሰው ጠባይ ከልቧ እየተናገረች ነበር፤ ያንቺ መልስ ግን ባልሆነ ነገር የምትበሳጭ አስመሰላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሰበሰቡት እኮ መጽሐፍን ከቁም ነገር ስለምትቆጥሩት ነው። አንቺ ስትስቂበት ቁም ነገር የሆነው፣ እሷ ስትቆጣበት ተራ ወሬ ሊሆን አይችልም። ስትደውዪላት ይህን ብቻ ንገሪያት። «ያልሽውን ሳልሰማ አቋረጥኩሽ፣ ይቅርታ፣ ልስማሽ እፈልጋለሁ» በያት። ስለ ትዳሯ አትጠይቂያት። ራሷ ካነሳችው አዳምጫት፤ ካላነሳችው ስለ መጽሐፉ ሰውዬ ስለ ጆሹዋ ብቻ አውሩ። አንዳንድ ሰው የራሱን ነገር መናገር የሚችለው በሌላ ሰው ታሪክ በኩል ነው፤ ያ በር እንዲዘጋባት አልፈልግም።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ላላነበቡት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራቸው፤ መጨረሻውንም እነካዋለሁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፤ የአውስትራሊያዊቷ ደራሲ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው፣ በ2021 ደግሞ ፊልም ሆኗል። ሁለት አሳታሚ ድርጅቶች ተዋህደዋል። የሁለቱም አለቆች በእኩል ሥልጣን ይመራሉ፤ ረዳቶቻቸው ሉሲ ሃተንና ጆሹዋ ቴምፕልማን ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውላሉ። ይጠላላሉ። ተፋጠው ማን ቀድሞ ዓይኑን ይሰብራል ይባባላሉ፣ አንዱ ሌላው የሚያደርገውን እየተከተለ ይቀዳል፣ ለሰው ኃይል ክፍል ይካሰሳሉ። ከዚያ አንድ ከፍተኛ የሥራ መደብ ይከፈታል። ያገኘው የሌላው አለቃ ይሆናል። የተሸነፈው ሥራ ሊለቅ ይማማላሉ። የቀረው ጥላቻ የመሰለው ነገር ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆኖ የሚወጣበት ታሪክ ነው።

ከወዳጆቹ ልጀምር፤ እኔም አንዷ ነኝና።

እኔን የያዘኝ የሳቁ ብዛት አይደለም። ሉሲ ለሁሉም ሰው ጥሩ ልጅ ናት። ባልደረባዋ ሥራ አዘግይታ ስትመጣ «ግዴለም» ትላለች፣ የሰው ፊት እንዳይጠቁርባት ራሷ ትደክማለች፣ ሁሉም እንዲወዳት ትፈልጋለች። በቀን ውስጥ ጥሩ ልጅ መሆን የማይጠበቅባት አንድ ቦታ ብቻ አላት፤ ጆሹዋ ፊት። እሱ አንድ ሲላት ሁለት ትመልሳለች፣ ትቆጣለች፣ ታሾፋለች፣ ሐሳቧን ሳትለሳልስ ታወጣለች፣ እሱ ደግሞ «ይቺ ደፋር» ብሎ አይሸሻትም፤ በነጋታው መጥቶ እዚያው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እኛ «ጨዋ ልጅ ድምፅዋ አይሰማም» እየተባልን ያደግን ሴቶች ይህን ስናነብ ልባችን ቢመታ አይገርምም። ወንዱን ከመውደዳችን በፊት የእሷን ነፃነት ነው የወደድነው። አንቺም እየሳቅሽ የጨረስሽው በዚህ ይመስለኛል፤ ተመልሰሽ የሳቅሽባቸውን ገጾች እዪአቸው፣ ብዙዎቹ የሉሲ መልሶች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር እኩልነታቸው ነው። ደረጃቸው አንድ፣ ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት፣ ምላሳቸውም ተመጣጣኝ። ንትርካቸው እንደ ገበጣ ነው፤ ሁለቱም ጋ እኩል ጠጠር አለ። ደራሲዋ ይህን በደንብ አስባበታለች ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እኩልነቱ ሊፈርስ ሲል ታሪኩ ራሱ ይጨንቃል። አንዳቸው የሌላው አለቃ ቢሆኑስ? ያ ጥያቄ እስከ መጨረሻው አይለቃቸውም። መፍትሔው የሚመጣው ደግሞ ጆሹዋ ሌላ ድርጅት ውስጥ ሥራ ይዞ ከውድድሩ ሲወጣ ነው። ብዙ አንባቢ በመሳሳሙ ተወስዶ ይህን ቶሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ሊፍት ውስጥ ከሚሳሳሙበት ትዕይንት የበለጠ ፍቅር ያለው እዚያ ነው። እሷን ሳያሸንፍ፣ እሷም ስለ እሱ ብላ ሳትሸነፍ፣ በሥራዋ እንድትፎካከር ቦታውን ለቀቀላት።

አንድ ሌላ ቦታም አለ። ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ለቀለም ተኩስ ጨዋታ በወጡበት ቀን ሉሲ በትኩሳት ትወድቃለች። ጆሹዋ ቤቷ ወስዶ ያስታምማታል፣ ሐኪም የሆነውን ወንድሙን ይጠራላታል። እዚያ ውስጥ ተረብ የለም። ሰውዬው ምላሱን አስቀምጦ ምን እንደሚሆን እናያለን። መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች ደግመው ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ምዕራፍ ነው፤ ልክ ናቸው።

ወደ ጓደኛሽ ወገን እንምጣ፤ ብቻዋን እንዳልሆነች እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ይህን መጽሐፍ ያልወደዱ አንባቢዎች የሚሉት ከእሷ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሉሲ ቀሚስ ወይም ጉርድ መልበሷን ጆሹዋ በማስታወሻ ደብተሩ ምልክት ያደርጋል። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ የዓይኗን ቀለም አስቀብቷል። ዳኒ ከሚባለው ባልደረባቸው ጋር ስትወጣ ቅናቱ መልክ ያጣል። የእሱ ግዝፈትና የእሷ ማጠር በየምዕራፉ ይነሳል፤ እዚህ ላይ እኔም ሰልችቶኛል፣ አንዴ ቢነገረን ይበቃን ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ታሪኩን የምትነግረን ሉሲ ብቻ ናት። ጆሹዋ ምን እያሰበ እንደሆነ አናውቅም። ፊቱ ሲጠቁር ጥላቻ ይሁን ፍርሃት፣ ዝም ሲል ንቀት ይሁን ዓይን አፋርነት፣ እኛው ነን የምንሞላው።

አምስታችሁን የለያያችሁ እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንቺ ያንን ባዶ ቦታ በተስፋ ሞላሽው። የፍቅር ልቦለድ ስለሆነ መጨረሻው እንደሚያምር ከሽፋኑ ጀምረሽ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ነቆራ «ይሄ ነገር ፍቅር ነው» እያልሽ አጣጣምሽው። ጓደኛሽ ግን ሞልታ የምታውቀው በሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ፊቱ የሚጠቁር፣ ቀኑን ሙሉ የሚነቁር፣ የለበስሽውን የሚቆጥር፣ ከማን ጋር ዋልሽ የሚል ሰው ቤት ውስጥ ኖሮባት እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ኖሮባት ከሆነ ግን ያነበበችው የመጀመሪያውን ሁለት መቶ ገጽ ነው። ደራሲዋ «ታገሺ፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም ይተረጎምልሻል» ትላለች። በሕይወት ውስጥ ይህን ቃል የሚሰጥ የለም። ታግሳ ታግሳ ያ የመጨረሻ ምዕራፍ ያልመጣላት ሴት፣ ለጆሹዋ ያንን ትዕግሥት አልሰጥም ብትል ፍርዷ የተጣመመ አይደለም። በእጇ ባለው ማስረጃ ነው የፈረደችው። ያንቺ ማስረጃ ደግሞ መጨረሻው ነው።

ስለዚህ «ማናችን ነን ልክ» ላልሽው፦ መጽሐፉ ፍቅር ነው ባልሽው አንቺ ልክ ነሽ። መጨረሻው የመጀመሪያውን ሁሉ ያጥባል ብለን ማመን የለብንም ባለችው እሷ ልክ ናት። እኔ ጆሹዋን ይቅር ያልኩት እወድሻለሁ ስላለ አይደለም። ሲያስታምማት ስላየሁትና ቦታውን ስለለቀቀላት ነው። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ ከጓደኛሽ ጋር እቆም ነበር፤ ያ የደብተር ምልክት ብቻውን ቢቀርብልኝ መጽሐፉን እዘጋው ነበር።

ይህ ዓይነት ታሪክ አዲስ አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1813 በወጣው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥም ኤልሳቤጥና ዳርሲ ገና ሲተዋወቁ ነው ነገር የሚጀማመሩት። እሱን የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ዳርሲ መጀመሪያ ለጋብቻ ሲጠይቃት ኤልሳቤጥ አይሆንም ትለዋለች፤ ያውም በኃይለኛ ቃል፣ ጠባዩን ፊት ለፊት እየነገረችው። እሱ ምን አደረገ? በነጋታው ያለውን እውነት በደብዳቤ ጽፎ ሰጣትና ሄደ። አልነዘነዛትም። ቆይቶ እንደገና ሲጠይቃትም ስሜትሽ እንደ በፊቱ ከሆነ አንድ ቃል በቂ ነው፣ ዳግመኛ አላነሳውም ብሎ ነው። የሚነታረኩ ፍቅረኞችን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገው ይህን ቦታ ነው። አይሆንም ስትለው ምን ያደርጋል? የሰውዬው ቀልድ ጣፋጭ መሆን አለመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ቅዳሜ ስትገናኙ ይህን ጥያቄ ለጆሹዋ አንሱለት፤ ገጽ እያወጣችሁ ተከራከሩበት። ጓደኛሽ የምትለው ብዙ ነገር ይኖራታል፤ መሃል ላይ ሰለቸኝ ያለችውም ሳትነቃ አትቀርም። የሚቀጥለውን መጽሐፍ ደግሞ ጓደኛሽ ትምረጥ።

እና አሁን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ወዳስቀመጥሻት ነገር።

አልወቅስሽም። ደስ የሚል መጽሐፍ ዙሪያሽን በሌላ ዓይን ያሳይሻል፤ ለዚያ ነው የምናነበው። ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይልኝ። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ወንድ ልጅ ጸጉራችንን ሲጎትት «ወዶሽ ነው» ተብለናል። መንገድ ላይ ስንለከፍ «ቆንጆ ስለሆንሽ ነው» ተብለናል። በእነዚህ ምክሮች ምክንያት የሚያስከፋንን ነገር በደስታ መቀበልን ለመድን፤ ለመለየት ደግሞ እስከ ዛሬ እንቸገራለን። ስለዚህ ያንን ልጅ በጆሹዋ አትለኪው። ጆሹዋ ይወዳት እንደነበር የምናውቀው ደራሲዋ ስለወሰነች ነው። የቢሮሽ ልጅ ልቡ ውስጥ ያለውን የሚወስንለት ደራሲ የለም።

የምትነታረኩት በምንድን ነው? አልጻፍሽልኝም። በሥራ ነው? በኳስ ነው? በፖለቲካ ነው? ወይስ በአለባበስሽ፣ በክብደትሽ፣ በአነጋገርሽ፣ በቤተሰብሽ? በሐሳብሽ የሚከራከርሽ ሰው ሐሳብሽን ሰምቶታል። በሰውነትሽ የሚያሾፍ ግን ምንም አልሰማሽም። ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ ነው የሚብሰው ወይስ ሁለታችሁ ስትሆኑ? ሰው ፊት እየነቆረ ብቻችሁን ስትሆኑ የሚለሳለስ ሰው ያንቺን ክብር ለሌሎች ሳቅ እየሸጠው ነው፤ ይህን ዓይነቱን እኔ ከፍቅር አልቆጥረውም። ዋናው ግን ይህ ነው፦ አንድ ቀን ከፍቶሽ ዝም ስትዪ ያስተውላል? ነገሩን ትቶ «ደህና ነሽ?» ይላል? ወይስ ዝም ስትዪ ይባስ ይለዋል? ይህን ራስሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ባለፉት ወራት የሆነ ቀን ሆኗልና።

ቀጥሎ ደረጃችሁ። እኩል ባልደረባሞች ከሆናችሁ ጥሩ። አለቃሽ ከሆነ ወይም ደመወዝና እድገትሽ በፊርማው የሚያልፍ ከሆነ፣ መነታረካችሁ ምንም ያህል ቢያስቅ፣ አንቺ ከእሱ እኩል መመለስ አትችዪም፤ አንድ ቀን ቢከፋው የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ያ ከሆነ ነገሩን እንዳትጀምሪው አጥብቄ እመክርሻለሁ። በልቦለዱ ውስጥ ለሰው ኃይል ክፍል መካሰስ ጨዋታ ነው። ባንቺ ቢሮ ጨዋታ አይደለም። የግል ድርጅት ውስጥ ከሆንሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል፤ ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብትም አላት። ያንቺ ጉዳይ እዚህ ደርሷል እያልኩ አይደለም። ድንገት ተረቡ ወደዚያ ቢያመራ «ስንቀልድ ነበር» የሚለው መልስ አፍሽን እንዳያሲዝሽ ብዬ ነው።

እኩል ባልደረባ ነው፣ ሲከፋሽ ያስተውላል፣ ሌላ ሰው የለውም እንበል። ያኔ ልታደርጊ የሚገባሽ ነገር ቀላል ነው፣ ያስፈራል ግን። ተረቡን ለተወሰኑ ቀናት ቀነስ አድርጊው። ሲነቁርሽ ፈገግ በይና ቀጥ ያለ ነገር መልሺለት፤ «ዛሬ ያቀረብከው ሪፖርት ጥሩ ነበር» ወይም «ከስብሰባው በኋላ ደክሞኝ ነበር» በይው። ከዚያ ምን እንደሚመልስ ስሚ። ከንትርክ ውጭ ምንም የምታወሩት ነገር ከሌላችሁ ቶሎ ታውቂዋለሽ፤ ጥሩ የሥራ ቦታ ወዳጅ ሆኖ ይቀጥላል፣ እሱም አይናቅም። የምታወሩት ነገር ካለ ደግሞ ከቢሮ ውጭ፣ ቀን ላይ፣ ቡና ልጋብዝህ በይው። አንቺ ብትጋብዢው ነውር የለውም። ሉሲና ጆሹዋን ከሁሉ በላይ ያስቸገራቸው ሁለቱም እስኪነገራቸው መጠበቃቸው ነበር፤ እሱ ካያት ቀን ጀምሮ እንደወደዳት የምንሰማው ገጹ ሊያልቅ ሲል ነው። በልቦለድ ይህ መዘግየት ልብ ያንጠለጥላል። በእውነተኛ ሕይወት ግን ጊዜሽን ነው የሚበላው፤ አንቺ ደግሞ በግምት ስትቃጠዪ ዓመት እንዲያልፍብሽ አልፈልግም።

ቡናው ላይ ቀጥ ብለሽ ጠይቂው። «ስንነታረክ ደስ ይለኛል፣ ለእኔ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር እየሆነ ነው፣ አንተስ?» ብትዪው ይበቃል። አዎ ካለ ቀስ በሉ፤ ለቢሮ ሰው ሳታወሩ ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ድርጅታችሁ በሠራተኞች መካከል ስላለ ግንኙነት ደንብ ካለውም አንብቡት። አይ ካለ ደግሞ ምክንያት አታስቆጥሪው፤ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሰላም በይውና ሥራሽን ቀጥዪ። ተረቡ ግን ትንሽ ቀን ይረፍ፤ ለእሱ ብለሽ ሳይሆን አንቺ እስኪቀልሽ። እሱ ቶሎ ልጀምረው ካለ «ገና ነኝ» በይው፤ ያንን ቃል ተቀብሎ ከተወሽ ወዳጅነታችሁ ደህና ነው።